የሮችዴል ሸማኔዎች ሱቅ
አንዲት የእንግሊዝ ከተማ በነጋዴዎቿና በቤተ መዘክሯ ስትታይ

ከማንቸስተር በስተ ሰሜን ዐሥራ ስድስት ኪሎሜትር ያህል ርቃ፣ ሮች በሚባለው ወንዝ ዳር የምትገኘው ሮችዴል ስሟ ከሱፍ ጋር ተያይዞ የሚነሣ የሥራ ከተማ ናት። ገበያ ለማቆም የሚያስችላትን የንጉሥ ፈቃድ ያገኘችው በ1251 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱትም ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፣ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው። ከተራራው የሚወርደው ውሃ ሱፉን ለማጠብ፣ የተሸመነውንም ለመውቀጥ የሚመች ስለ ሆነ፣ ፍላኔል የሚባለው ለስላሳ የሱፍ ጨርቅ ለብዙ ዘመን ከዚህች ከተማ እየወጣ ወደ ሩቅ አገር ሲሸጥ ኖሯል።

ሮችዴልን በንግድ ዓለም ያስጠራት ግን ጨርቋ ሳይሆን አንዲት ትንሽ የምግብ ሸቀጥ ሱቅ ናት። ሱቋ የነበረችበት ቤት ዛሬም ቶድ ሌን በሚባለው መንገድ በቁጥር 31 ቆሞ ይታያል። የመንገዱ ስም እንደ ቃሉ ቢፈታ «የጉርጥ መንገድ» ማለት ነው፤ ነገር ግን ከጉርጥ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም ይባላል፤ የአገሩ ሰው «አሮጌው መንገድ» የሚለውን በራሱ አነጋገር አሳጥሮ ሲጠራው፣ ጸሐፊዎች እንደ ሰሙት ስለ ጻፉት እንዲህ ሆኖ ቀረ። ቤቱ በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የሱፍ ዕቃ ማከማቻ እንዲሆን የተሠራ ነው። ከ1931 ጀምሮ ቤተ መዘክር ሆኖ ይገኛል። ጎብኚው ከመንገዱ እንደ ገባ የሚቀበለው የፊተኛው ክፍል በ1844 እንደ ነበረ ተመልሶ የተሰናዳ ሲሆን፣ በውስጡ ተርታ የእንጨት ዕቃ፣ ሚዛንና ጥቂት ሸቀጥ ብቻ ይታያል። ትልቅ መደብር ለማየት ልቡን አሰናድቶ የመጣ ሰው መጀመሪያ ቅር ሳይለው አይቀርም። የክፍሉ ትርጕም የሚገባው ከሚዛኑ በስተ ኋላ የቆሙት ሰዎች እነማን እንደ ነበሩ፣ ከምን ዓይነት ችግርም እንደ ተነሡ ሲታወቅ ነው።

በታሪክ «የረሃብ ዘመን» እየተባሉ በሚጠሩት በ1840ዎቹ ዓመታት የሮችዴል ሸማኔ ኑሮ እጅግ የከፋ ነበር። ቀድሞ በቤቱ ፎቅ የሸማ ዕቃውን ተክሎ፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ተጋግዞ ይሠራ የነበረው ባለ እጅ፣ በእንፋሎት የሚንቀሳቀሰው መሸመኛ ከመጣ ወዲህ ዋጋው ወደቀ። በ1844 የፍላኔል ሸማኔዎች የሥራ ዋጋ እንዲጨመርላቸው ጠይቀው ሥራ እስከ ማቆም ቢደርሱም ሙከራው ሳይሳካ ቀረ። በዚህ ጊዜ ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ነገሩን ከሌላ ወገን መመልከት ጀመሩ። ገቢያቸውን ማሳደግ ካልቻሉ፣ ያቺው ገቢ በምታልፍበት በር ላይ ምን እንደሚጐድልባት መመርመር ያዙ። ያ በር ሱቁ ነበር።

የዚያን ጊዜ የሠራተኛ ሰፈር ሱቅ የሚሠራው በዱቤ ነው። ሸማኔው ዱቄቱንና ስኳሩን እያስመዘገበ ይወስዳል፤ ሒሳቡን ባገኘ ጊዜ ይከፍላል፤ ደግሞ ወዲያው መበደር ይጀምራል። ዕዳ ያለበት ሰው ወደ ሌላ ሱቅ መሄድ አይችልም፤ ዋጋው ቢወደድ፣ ሚዛኑ ቢያጥር፣ ዱቄቱ ቢበላሽ አፉን ዘግቶ ይቀበላል። በዚህ ነገር ባለሱቁን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ባለሱቁም በበኩሉ ከጅምላ ነጋዴው በዱቤ ያመጣል፤ ከተበዳሪዎቹ ውስጥ ሳይከፍል የሚጠፋ፣ ሥራ ፈት ሆኖ መክፈል የማይችል ብዙ ነው። የጠፋውን ዕዳ ደኅና ከፋይ በሆነው ሰው ዋጋ ላይ ከመጨመር በቀር ሌላ መውጫ አልነበረውም። እንዲህ ሲሆን ዱቤ ሻጩንም ገዢውንም በአንድ ገመድ አስሮ ያኖር ነበር።

በዚህ ላይ ሸቀጥን ከባዕድ ነገር ጋር መቀላቀል የተለመደ ነበር። ዳቦው ነጭ እንዲመስል ሸብ ይጨመርበታል፤ አንድ ጊዜ የተፈላ የሻይ ቅጠል ደርቆና ቀለም ተቀብቶ እንደ አዲስ ይሸጣል፤ ቁንዶ በርበሬው ከጥራጊ አቧራ ጋር ይደባለቃል። ፍሬደሪክ አኩም የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ ይህን በ1820 በመጽሐፍ ገልጾ ነበር። ሐኪሙ አርተር ሂል ሐሳልም ከ1851 ጀምሮ ሸቀጡን በማይክሮስኮፕ እየመረመረ ውጤቱን ላንሴት በሚባለው የሕክምና ጋዜጣ አውጥቷል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው የምግብ ማጭበርበር መከልከያ ሕግ የወጣው በ1860 ነው፤ በእርግጥ የሚሠራ ሕግ ለማግኘትም እስከ 1875 መጠበቅ ግድ ሆኗል። ሕጉ ሳይመጣ የሮችዴል ሰዎች ራሳቸው መፍትሔ መፈለጋቸው ሊታሰብ የሚገባው ነገር ነው።

ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። በዚሁ በቶድ ሌን በ1833 በኅብረት የተከፈተ ሱቅ ነበረ፤ ነገር ግን ለአባሎቹ በዱቤ ይሸጥ ስለ ነበር በ1835 ከስሮ ተዘጋ። ከኋለኞቹ መሥራቾች አንዳንዶቹ ይህን ኪሳራ በዓይናቸው ያዩ ናቸው። በ1844 ስማቸው የሚነሣው ሃያ ስምንት ሰዎች ሁሉም ሸማኔዎች እንደ ነበሩ አድርጎ ማውራት ቢለመድም፣ እውነቱ እንዲያ አይደለም። ቻርልስ ሐዋርዝ በጥጥ ፋብሪካ ድር የሚያደራ ነበር፤ ጄምስ ስሚዚስ ሱፍ መራጭ፣ ጆን ቤንት ልብስ ሰፊ፣ ጄምስ ትዊዴል ከሥሩ እንጨት የሆነ ጫማ ሠሪ፣ ዴቪድ ብሩክስ በእንጨት ማኅተም በጨርቅ ላይ ጌጥ አታሚ፣ ጄምስ ዴሊ አናጢ ነበሩ። ዊልያም ኩፐርና ሳሙኤል አሽዎርዝ ግን የፍላኔል ሸማኔዎች ናቸው። ባንድ ከተማ ውስጥ ያለ የእጅ ሥራ ሁሉ ከየወገኑ ተወካይ የላከ ይመስላል። ይህ መለያየታቸው በኋላ እንደ ጠቀማቸው ከታች ይታያል።

እያንዳንዱ አባል አንድ ፓውንድ ስተርሊንግ ማዋጣት ነበረበት። ይህን ባንድ ጊዜ ማውጣት የሚችል አልነበረም፤ ስለዚህ ከተማው በሦስት ክፍል ተከፍሎ፣ ሰብሳቢዎች በየእሑዱ ቤት ለቤት እየዞሩ ሁለትና ሦስት ፔኒ ይለቅሙ ነበር። ማኅበሩ በ24 ጥቅምት ወር 1844 በሕግ ተመዘገበ። የተሰበሰበው ገንዘብ 28 ፓውንድ ሲሆን፣ ለቤቱ ምድር ቤት ኪራይ በዓመት 10 ፓውንድ፣ እንደ ገናም ለመደርደሪያና ለሚዛን ወጪ ከተደረገ በኋላ ለሸቀጥ የዋለው 16 ፓውንድ ከ11 ሺሊንግ ከ11 ፔኒ ብቻ ነው። በዚህ የተገዛው 13 ኪሎ የማይሞላ ቅቤ፣ 25 ኪሎ ያህል ስኳር፣ 3 ኩንታል ዱቄት፣ አንድ ጆንያ የአጃ ዱቄትና ጥቂት ሻማ ነበር።

በ21 ታኅሣሥ ወር 1844 ቅዳሜ ማታ የሱቁ መዝጊያ ተከፈተ። የፋብሪካ ልጆች በመንገዱ ተሰብስበው «የሸማኔዎቹን ሱቅ» እያሉ ይሣለቁ እንደ ነበር፣ መሥራቾቹም መስኮቱን ማን ይክፈት በማለት እርስ በርስ ይተያዩ እንደ ነበር የማኅበሩን ታሪክ የጻፈው ጆርጅ ጃኮብ ሆሊዮክ ያወራል። ከከተማው ባለሱቆችም አንዱ፣ ሸቀጡን በሙሉ በአንድ እጅ ጋሪ ጭኖ ሊወስደው እንደሚችል እየተናገረ ይቀልድ ነበር ይባላል። በነገሩ አልተሳሳተም። ሻጭ የሆነው ሳሙኤል አሽዎርዝ የ19 ዓመት ወጣት ሲሆን፣ ገንዘብ ያዡ ዊልያም ኩፐር ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ ሱቁ ይከፈት የነበረው በሳምንት ሁለት ማታ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ሻጮቹም ሆኑ ገዢዎቹ ቀኑን በሥራ ላይ ይውሉ ነበርና።

ደንባቸው ከቀደሙት ማኅበሮች የሚለየው በጥቂት ነገሮች ነው። አንደኛ፣ ዱቤ ፈጽሞ አይሰጥም፣ አይወሰድምም። ለድሃ ከባድ ደንብ መሆኑ አያጠራጥርም፤ በዕዳ የተያዘ ሰው አባል ለመሆን ቢፈልግ እንኳ አስቀድሞ ከቀድሞው ባለሱቅ ነጻ መውጣት ነበረበት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የአባሎቹ ቍጥር ዝግ ብሎ ያደገውም በዚህ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል። ሁለተኛ፣ ሸቀጡ ንጹሕ፣ ሚዛኑም ሙሉ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ብዙ ገንዘብ ያገባም ሆነ ጥቂት ያገባ በስብሰባ ላይ ያለው ድምፅ አንድ ብቻ ነው። በ1846 ኤልዛ ብሬርሊ የተባለች ሴት አባል ሆና ተመዘገበች። በእንግሊዝ ሕግ ባል ያላት ሴት በራስዋ ስም ንብረት ለመያዝ ሙሉ መብት ያገኘችው በ1882 መሆኑ ሲታሰብ፣ የሱቁ መዝገብ ከአገሩ ሕግ ሠላሳ ስድስት ዓመት ቀድሞ ሄዷል።

አራተኛው ደንብ ለነጋዴ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ነው። ማኅበሩ የሚሸጠው በገበያው ዋጋ ነው እንጂ አርክሶ አይደለም። ወጪው ሁሉ ከተነሣ፣ ለገባው ገንዘብም የተወሰነ ወለድ ከተከፈለ በኋላ የሚተርፈው ትርፍ፣ አባሉ ባገባው ገንዘብ ልክ ሳይሆን በገዛው ሸቀጥ ልክ ይከፋፈላል። ለምሳሌ በሳምንት 10 ሺሊንግ የሚገዛ ቤተ ሰብ በዓመት 26 ፓውንድ ያወጣል፤ ለእያንዳንዱ ፓውንድ 2 ሺሊንግ ቢመለስለት፣ በዓመቱ መጨረሻ 2 ፓውንድ ከ12 ሺሊንግ ያገኛል። ይህ ለሸማኔ ቤት እንደ ዋዛ የሚታይ ገንዘብ አልነበረም። ሒሳቡ እንዳይሳሳትም ገዢው ዕቃ በወሰደ ቍጥር የገዛበትን ልክ የሚያሳይ ከብረታ ብረት የተሠራ ምልክት ይሰጠው ነበር፤ በኋላም በብዙ የእንግሊዝ ከተሞች የተቋቋሙ ማኅበሮች በየስማቸው ያሠሯቸው እንዲህ ያሉ ምልክቶች ዛሬ በቤተ መዘክሮች ይገኛሉ።

ይህን አከፋፈል የሮችዴል ሰዎች ፈጠሩት ተብሎ ብዙ ጊዜ ይጻፋል፤ ለቻርልስ ሐዋርዝም ይሰጣል። እንዲያውም ከእነርሱ በፊት በዮርክሺርና በስኮትላንድ ተሞክሮ ነበር። የእነርሱ ብልሃት ይህን ከጥሬ ገንዘብ ሽያጭና ከገበያ ዋጋ ጋር ማያያዛቸው ነው። ዋጋ አርክሶ የሚሸጥ አዲስ ሱቅ ወዲያው ከጐረቤቶቹ ጋር የዋጋ ጦርነት ይገጥማል፤ ጦርነቱንም የሚያሸንፈው ብዙ ገንዘብ ያለው ነው። በገበያ ዋጋ የሚሸጠው ግን ለመጥፎ ቀን የሚሆን መጠባበቂያ በእጁ ይቀራል፤ ደንበኛውም ትርፉ በስሙ ተመዝግቦ ስለሚጠብቀው ወደ ሌላ አይሄድም። ብዙዎቹም ድርሻቸውን ሳይወስዱ በማኅበሩ ውስጥ እየተዉት ሄዱ፤ ካፒታሉም ያደገው ከዚህ ነው።

በ1845 መጨረሻ አባሎቹ 74፣ የዓመቱ ሽያጭ 710 ፓውንድ፣ ትርፉ 22 ፓውንድ ነበር። በ1850 አባሎቹ 600፣ ሽያጩ 13,179፣ ትርፉ 880 ሆነ። በ1860 ደግሞ አባሎቹ 3,450፣ ሽያጩ 152,063፣ ትርፉ 15,906 ፓውንድ ደረሰ። እነዚህን ቍጥሮች በማስተዋል የሚያይ ነጋዴ ከሽያጩ ማደግ ይልቅ ሌላ ነገር ያገኝባቸዋል፤ ይኸውም ትርፉ ከሽያጩ ጋር ሲመዛዘን በመጀመሪያ ከመቶ 3 ብቻ የነበረው፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ከ6 ተኩል አልፎ፣ በ1860 ከመቶ 10 በላይ መሆኑ ነው። ሱቁ ትንሽ ሳለ በጥቂት በጥቂቱ እየገዛ ውድ ዋጋ ይከፍል ነበር፤ ሲያድግ ግን በጅምላና በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ ተፈላጊ ደንበኛ ሆነ።

ከእነዚህ ዓመታት ሁሉ 1849 ተለይቶ ሊነሣ ይገባል። በዚያ ዓመት የሮችዴል የቁጠባ ባንክ ወደቀ። የሒሳቡ ኃላፊ በሞተ ጊዜ መዝገቡ ቢመረመር ከ70,000 ፓውንድ በላይ የቈጣቢዎች ገንዘብ ጠፍቶ ተገኘ። ሰውየው በከተማው የተከበረ ባለ ፋብሪካ ነበር። ብዙ ድሃ የዕድሜ ልክ ጥሪቱን ባንድ ቀን አጣ። የሸማኔዎቹ ሱቅ ግን ሒሳቡን በየሦስት ወሩ በአባሎች ፊት እያነበበ ያጸድቅ ስለ ነበር፣ ጥቂት ያለው ሁሉ ወደዚያ ማምጣት ጀመረ፤ በ1848 መጨረሻ 140 የነበሩት አባሎች በ1849 መጨረሻ 390 ሆኑ።

የዱቄቱም ነገር እንዲሁ ሊታለፍ አይገባም። ንጹሕ ዱቄት ከገበያው ማግኘት አስቸጋሪ ስለ ሆነ በ1850 የእህል ወፍጮ ማኅበር ተቋቋመ። መጀመሪያው ኪሳራ ነበር። ከዚህም በላይ ባዕድ ነገር ያልገባበት ዱቄት መልኩ ወደ ብጫ የሚያደላ ስለ ሆነ፣ በሸብ የነጣ ዱቄት የለመዱት የአባሎቹ ሚስቶች ጥራት የሌለው መስሏቸው አልወደዱትም። እንደ ሌላው ወፍጮ ማንጣት ቀላል ነበር፤ መሪዎቹ ግን እምቢ ብለው፣ ሽያጩ ቢቀንስም ጠበቁ። በመጨረሻ ዓይን ለመደ፤ ወፍጮውም ማትረፍ ጀመረ። ለገዢ የተሻለ ዕቃ ማቅረብ ብቻ እንደማይበቃ፣ ገዢው የተሻለ መሆኑን እስኪያውቅ ድረስ የሚያስችል ገንዘብና ትዕግሥት እንደሚያስፈልግ ይህን ያህል ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ ታሪክ ጥቂት ነው።

ሱቁም እየሰፋ ሄደ። በ1846 ሥጋ፣ በ1847 የጨርቃ ጨርቅ ሽያጭ ተጨመረ፤ በ1852 ጫማና ልብስ የሚሠሩ ክፍሎች ተከፈቱ። የእንጨት ጫማ ሠሪውና ልብስ ሰፊው ከመጀመሪያው በመካከላቸው መኖራቸው እዚህ ላይ ዋጋ አገኘ፤ የቆዳውንና የጨርቁን ጥራት ለይቶ የሚገዛ ሰው ከውጭ መፈለግ አላስፈለጋቸውም። ከፎቁ ላይ የጋዜጣ ማንበቢያና የመጻሕፍት ክፍል ተሰናዳ፤ ከትርፉም ከመቶ 2 ተኩል ለትምህርት እንዲውል ተወሰነ። አባሎች መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ማይክሮስኮፕ እንኳ በትንሽ ዋጋ ይከራዩ ነበር።

ሁሉ ነገር ግን አልሠመረላቸውም። በ1854 ያቋቋሙት የፋብሪካ ማኅበር ከትርፉ ለሠራተኞቹ ድርሻ ይሰጥ ነበር። ሥራው በለማ ጊዜ ከውጭ ብዙ ሰው አክሲዮን ገዝቶ ገባ፤ እነዚህም ባለ አክሲዮኖች በ1862 በድምፅ ብልጫ የሠራተኛውን ድርሻ ሰረዙት። ከመሥራቾቹ ብዙዎች አጥብቀው ተቃወሙ፤ ሊያቆሙት ግን አልቻሉም። ሱቁን በጠበቀው ደንብ ፋብሪካው ሊጠበቅ አለመቻሉ በማኅበሩ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ቅሬታ ሆኖ ቀርቷል።

በ1863 የሮችዴልና የአካባቢው ማኅበሮች ተባብረው በማንቸስተር የጅምላ ግዢ ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ ሸቀጥን ከምንጩ ለመግዛት በ1866 በአየርላንድ ቲፐሬሪ፣ በ1876 በኒው ዮርክ፣ በ1881 በኮፐንሃገን የግዢ ቢሮ ከፍቷል። ያ 13 ኪሎ የማይሞላ ቅቤ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ባሕር ተሻግሮ የሚገዛ አስመጪ ወለደ ማለት ነው። የሱቁ ደንብም በ1895 በለንደን በተቋቋመው ዓለም አቀፍ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኅብረት አማካይነት በ1937 ለዓለም ሁሉ መመሪያ ሆኖ ጸደቀ፤ በ1966 እና በ1995 ተሻሽሏል። በኢትዮጵያም በ1991 ዓመተ ምሕረት የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 ለእያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ ይሰጥ የነበረው ከዚሁ ምንጭ በወረደው መሠረት ነው።

ማኅበሩ በ1867 እዚያው ቶድ ሌን ላይ ወዳሠራው ትልቅ ሕንጻ ተዛወረ። በሃያኛው መቶ ዓመት ከጐረቤት ማኅበሮች ጋር ደረጃ በደረጃ እየተዋሐደ ሄዶ፣ ወራሹ ድርጅት በ2007 የእንግሊዝ ታላቁን የኅብረት ሥራ ድርጅት ተቀላቀለ። የቀድሞው ትንሽ ቤት ግን ታድሶ በ2012 እንደ ገና ለጎብኚ ተከፍቷል።

ስለ ማኅበሩ ከሚታዩት ሥዕሎች ሁሉ የታወቀው በ1865 የተነሣው ፎቶግራፍ ነው። ዐሥራ ሦስት ሰዎች፣ ስድስቱ ቆመው፣ ሰባቱ ተቀምጠው ይታያሉ፤ ሁሉም የክት ልብሳቸውን ለብሰዋል። በመጀመሪያው ማታ ሸቀጡን የመዘነው ሳሙኤል አሽዎርዝና ገንዘቡን የተቀበለው ዊልያም ኩፐር ከኋላ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ድር ያደራ የነበረው ቻርልስ ሐዋርዝና ሱፍ መራጩ ስሚዚስ ከፊት ተቀምጠዋል። ሐዋርዝና ኩፐር በ1868፣ ስሚዚስም በ1869 ሞቱ።